የቤቱ ደም

አጎት አጊማን ስለ ንቲም ጀግንነት ሲያወሩ የጠላት ቁጥር የሚጨምረው በጠጡት የዘንባባ ጠጅ ልክ ነበር። ሲጀምሩ አንድ የነበረው የጃፓን መትረየስ ሁለተኛው ዋንጫ ላይ ሦስት ይሆናል፤ ጨዋታው ሲደራ ደግሞ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነብር ዘሎ ይወጣል። ነብሩን ንቲም ራሱ አይቶት አያውቅም። ይሁን እንጂ የሚያርማቸው አልነበረም። የቤቱ አለቃ እሳቸው ናቸው፤ የካካዎው ባለቤትም እሳቸው ናቸው፤ ጠጁንም የሚጋብዙት እሳቸው ናቸው።

ዛሬ ግን ነብሩን ማውጣት አላስፈለጋቸውም። እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዢ በጭነት መኪና መጥቶ በመንደሩ አለቃ ግቢ በትልቁ ጃንጥላ ሥር ቆሟል። አንድ ወረቀት አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ አስተርጓሚውም ጉሮሮውን እየጠራረገ ተከተለው።

«ክዋቤና ንቲም፣ በበርማ ጫካ፣ ጓዶቹ ወንዝ ዳር በጠላት ተኩስ ተከበው ሳለ፣ መሣሪያ የሌለው ተራ ተሸካሚ ቢሆንም፣ ተኳሹ የወደቀበትን መትረየስ አንሥቶ ቁስለኞቹ ወንዙን እስኪሻገሩ ድረስ ጠላትን ተከላከለ። በመጨረሻም የወደቀውን ተኳሽ በጀርባው አዝሎ ተሻገረ። ስለዚህ የአስር አለቃነት ማዕረግና ይህ የጀግና ኒሻን ተሰጥቶታል።»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ከበሮውም ተመታ። አጎት አጊማን ማንም ሳይጠራቸው ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ መሐል ገቡና እጃቸውን በንቲም ትከሻ ላይ ጣሉ።

«አያችሁ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግቢውን ሞላው። «ይህ የኔ ቤት ደም ነው። በአለቃው ፊት ምዬ እናገራለሁ፤ ይህ የኔ የራሴ ደም ነው።»

ፖኩዋ ከሴቶቹ መሐል ቆማ ነበር። የአጎት አጊማን የእህት ልጅ ናት። በአሳንቴ አገር ልጅ የእናቷ ወገን ናትና፣ የት እንደምትኖርም ማንን እንደምታገባም የሚወስኑት እኚሁ የእናቷ ወንድም ናቸው። ከአጠገቧ ያሉት ሴቶች እልል ሲሉ እሷ ዝም ብላ የንቲምን ፊት አየች። ያዘልኩት ጭነት ይውረድልኝ የሚል ሰው ፊት ነበር።

ንቲም ያደገው በዚሁ በአጎቷ ግቢ፣ ከኋለኛው በር አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። የቤቱ ልጅ ይባላል። የቀብር መዋጮ ሲሰበሰብ ከቤቱ ይቆጠራል፤ በዓል ሲሆን ከቤቱ ጋር ይሰለፋል። ነገር ግን ውሃ መቀዳት ሲኖርበት እንስራው ምን ጊዜም እናቱን አፍሪዬን ፈልጎ ያገኛታል፤ የካካዎ ጆንያ መሸከም ሲኖርበት ደግሞ ጆንያው ንቲምን። ቅድመ አያቱ ከሰሜን ታስራ የመጣች፣ ተገዝታ የገባች ሴት መሆኗን የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። የሰውን መነሻ በአደባባይ የተናገረ በግ ያርዳል፤ በድሮ ነገሥታት ዘመን ቢሆን የሚታረደው ራሱ ነበር። ሕጉ የወጣው ማንም ሰው በመነሻው እንዳይናቅ ነው ይባላል። ፖኩዋ ግን ከፍ ስትል ሕጉ አፍን እንጂ ዓይንን እንደማይከለክል ገባት።

ፍቅራቸው የተጀመረው በካካዎ ማስጫው ላይ ነው። እሷ ፍሬውን በፀሐይ ታገላብጣለች፤ እሱ ጆንያውን ሊጭን ይመጣል፤ ለመጫን የሚወስድበት ጊዜ ደግሞ ከቀን ወደ ቀን እየረዘመ ሄደ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አለቃው ከየቤቱ አንድ ወንድ ሲጠይቁ አጎት አጊማን ሲያስቡ አላደሩም፤ ንቲምን ሰጡ።

ከበርማ ደብዳቤዎቹ ይመጡ ነበር። ንቲም ስለማይጽፍ የሻለቃው ጸሐፊ ነበር የሚጽፍለት። ጸሐፊው ደግሞ ቀድሞ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበረ ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች ሰላምታና የእግዚአብሔር ስም ነው። ሁልጊዜ መጨረሻው ላይ ግን የጸሐፊው ያልሆነች አንዲት ጥያቄ ትገኛለች፦ «ካካዎውን ከማን ጋር ታገላብጫለሽ?» እሷም ሁልጊዜ «ብቻዬን ነኝ» ብላ ትመልሳለች። ከወንዙ ውጊያ በኋላ ግን ደብዳቤው ተቋረጠ። ከተመለሰ እነሆ ወር ሊሞላው ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብሎ አላያትም።

ሥነ ሥርዓቱ አልቆ ሰዉ ሲበተን ንቲም በአጎቷ ክንድ ተይዞ በአጠገቧ አለፈ። ኒሻኑ ደረቱ ላይ ያብለጨልጫል፤ ዓይኑ መሬት ላይ ነው። ፖኩዋ እጇን ልትዘረጋ ብላ በሰው ፊት አፍራ መለሰችው። ከጦር ሜዳ በጸሎት ያስመለሰችውን ሰው በሰላም አገር ያጣችው መሰላት።

*

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ፖኩዋ የተሰጣውን ካካዎ ለመሸፈን ወደ ማስጫው እየሮጠች ስትደርስ ንቲም ቀድሟት ደርሶ ምንጣፉን ከአንድ ጫፍ እየጠቀለለ ነበር። የወታደር ቁምጣውን ለብሷል፤ ኒሻኑን አላደረገም። ሲያያት ደንገጥ ብሎ ቆመ፤ መልሶ ደግሞ አጎነበሰ።

«ኒሻኑ አንገትህን ሰበረው እንዴ?» አለችው፤ ሌላውን ጫፍ ይዛ። «ቀና ማለት አቃተህ እኮ።»

«ኒሻን ደረት ላይ ነው የሚደረገው።»

«አመሰግናለሁ። ይህን ለማወቅ ጀግና ልጠይቅ አስቤ ነበር።»

ሳይወድ በግዱ ፈገግ አለ። ያቺን ፈገግታ ስታይ ግን ንዴቷ ጨርሶ ገነፈለ። «ድሮ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር» አለችው።

«ጸሐፊው ነው የሚጽፈው። የኔ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች።»

«እሷንም ተውካት። ሌላ ሰው ካለ ንገረኝና ይለይልኝ፤ በየመንገዱ አፈር አፈሩን እያየህ አትለፈኝ። እኔ በደልኩህ?»

«አንቺ ምንም አልበደልሽኝም» አለ። የተጠቀለለውን ምንጣፍ ከማስጫው ዳስ ሥር አስቀምጦ ተቀመጠበት። የእጁን መዳፍ እያየ መናገር ጀመረ። «ወንዙ ላይ ያዘልኩት ሰው እንግሊዝ አይደለም፤ አጎትሽ ሻምበል ነው እያሉ ቢያወሩም። ዚየም ይባላል፤ የሰሜን ሰው ነው። እግሩ ተሰብሮ ነበር። መሐል ወንዝ ላይ ስንደርስ መቃዠት ጀመረ፤ ከዚያ ዘፈነ። ጆሮዬ ሥር ነው የሚዘፍነው። ቃሉን አንድም አላወቅሁትም። ዜማውን ግን አውቀዋለሁ፤ ከማንም በፊት አውቀዋለሁ። እናቴ ለእራት ፉፉ ስትወቅጥ የምታንጎራጉረው ነው፤ እሷ ከእናቷ ነው የያዘችው፤ እናቷም…»

«ንቲም» አለችው፤ እጇን አንሥታ። «አትጨርሰው።»

ቀና አለ። በወሩ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ዓይኑ አያት። «ታውቂያለሽ» አላት።

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከልጅነቴ። አክስቴ ናት የነገረችኝ፤ ካንተ ጋር እንዳልጫወት ብላ።»

«እና እያወቅሽ ነው 'ብቻዬን ነኝ' ብለሽ የምትጽፊልኝ የነበረው?»

«ብቻዬን ነበርኩ። ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ንቲም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷም ነገሩ ሁሉ አሁን ገባት። ከወንዙ በኋላ ደብዳቤውን የተወው፣ ወር ሙሉ ዓይኑን ያሸሸው፣ ስታውቅ ትንቀኛለች ብሎ ነው። እሷ ደግሞ እሱ አያውቅ ይሆናል፣ ከእኔ አፍ አይስማ ብላ ስንት ዓመት ምላሷን ነክሳ ኖራለች። ዝናቡ ዳሱን መደብደብ ጀመረ። ተጠግታ ከአጠገቡ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ነካው፤ አልሸሸም።

«አጎቴ ለኦፖንግ ሊሰጠኝ ነው» አለችው። ኦፖንግ ሚስቱ የሞተችበት የካካዎ ነጋዴ ነው፤ የአጎቷንም ካካዎ የሚገዛው እሱ ነው። «አዲሱ ምርት ከመድረሱ በፊት እንዲሆን ተነጋግረዋል። መጥተህ በራችንን አንኳኳ።»

«ምን ብዬ? ትናንት በአለቃው ፊት ምለው ደማቸው አድርገውኛል። ወንድም እህቱን አያገባም ነው የሚሉኝ። ከዚያ በኋላ ማን አፉን ይከፍታል? አንቺ ብትናገሪ ሕግ አፈረስሽ። ሌላ ሰው ቢናገር ሕግ አፈረሰ። አጎትሽ ይህን አስበው ነው የማሉት።»

«እንግዲያው እንጥፋ። መኪናው ማክሰኞ ወደ ኩማሲ ይወጣል።»

ንቲም ራሱን ነቀነቀ። «ዕድሜዬን ሙሉ በኋለኛው በር ስገባ ስወጣ ኖሬያለሁ። አንቺን በኋለኛው በር አልወስድሽም።»

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?»

«ለዚየም ወገኔ ሆኖ እንዲመጣ መልእክት ልኬለታለሁ።» ከዳሱ ማዶ ያሉትን ዛፎች አየ፤ እናቱ በወጣትነቷ በገዛ እጇ የተከለቻቸው ካካዎዎች ናቸው። «እኔ ራሴ ከተናገርኩ ከዚህ ቤት ወጣሁ ማለት ነው። ዛፎቹ ይቀራሉ። እናቴ ክፍሏን ታጣለች፤ ስትሞት ከቤቱ መቃብር አትገባም። እንቅልፍ የነሳኝ የሷ ነው። መትረየሱ ይሻለኝ ነበር፤ እሱን ያነሣሁት ሳላስብ ነው።»

ፖኩዋ የሚከብደው ነገር ምን እንደሆነ አወቀች። ተው ልትለው አፏን ከፈተች፤ ግን ተው ማለት ለኦፖንግ ስጠኝ ማለት ነው። እጁን ብቻ ያዘች። ፈራች፤ ሆኖም ፍርሃቷ ውስጥ እስከ ዛሬ የማታውቀው ኩራት ነበረበት።

*

ቅዳሜ ጠዋት የፊተኛው በር ተንኳኳ።

አጎት አጊማን ነጭ ጨርቃቸውን በትከሻቸው ላይ አጣፍተው ግቢው መሐል ተቀምጠዋል። በቀኛቸው የአለቃው ቃል አቀባይ ሽማግሌው ናና ፍሬምፖንግ አሉ፤ «ናና» የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ ጋድም አድርገዋል። ሽማግሌውን ያስጠራቸው ንቲም ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አልተናገረም። የፖኩዋ እናት ዱፊዬ ከወንድሟ ኋላ ከአክስቶች ጋር ተቀምጣለች። ዱፊዬ ወንድሟ በሚናገርበት ቦታ ተናግራ አታውቅም፤ ባሏን ስታገባም፣ ስትቀብርም፣ ነገሩን የጨረሱት ወንድሟ ናቸው። ፖኩዋ በእናቷ እግር ሥር ምንጣፍ ላይ ነበረች። በግድግዳው ላይ የንቲም ፎቶግራፍ በመስተዋት ተሰቅሏል፤ አጎቷ ትናንት ያሰቀሉት ነው።

መጀመሪያ የገባው ክራንች ነው። ከክራንቹ ጋር አንድ እግር ብቻ ያለው፣ ጉንጩ ላይ የሰሜን ሰዎች ጠባሳ የተሰመረበት ረጅም ሰው ገባ። ከኋላው ንቲም የወታደር ልብሱን ለብሶ፣ ኒሻኑን አድርጎ፣ ለጥያቄው የሚቀርበውን የጂን መጠጥ ጠርሙስ ይዞ ተከተለ፤ ጠርሙሱንም ግቢው መሐል ባለ በርጩማ ላይ አኖረው። መጨረሻ ላይ አፍሪዬ ገባች። አፍሪዬ በዚያ በር ስትገባ ፖኩዋ አይታ አታውቅም። ራሷ ላይ ምንም ሳትሸከምም አይታት አታውቅም።

«እኔ ዚየም» አለ ባለ ክራንቹ በተሰባበረ የወታደር ቤት ቋንቋ። «የንቲም ሰው። ንቲም እዚህ ቤት አበባ አየ። ልንጠይቅ መጣን።»

አንዷ አክስት በሻሿ አፏን ሸፍና ሳቀች። አጎት አጊማንም ሳቁ፤ የሳቸው ግን ዓይናቸው ድረስ አልደረሰም።

«የንቲም ሰው እኛ ነን፤ አንተን ማን ያውቅሃል?»

«ወንዙ ውስጥ ስንጮህ እናንተን አላየሁም» አለ ዚየም፤ ተረጋግቶ።

አጎት አጊማን መልሱን እንዳልሰሙ ሆነው ወደ ንቲም ዞሩ። ድምፃቸውን እንደ አባት አለዘቡት። «ልጄ፣ ያ ጫካ ራስህን አዙሮታል፤ አልፈርድብህም። የገዛ ቤቱን በር የሚያንኳኳ ሰው አይቼ አላውቅም። ፖኩዋ እህትህ ናት። አንድ ደም ናችሁ፤ በአለቃው ፊት ተናግሬዋለሁ። ደም ከደም ከተጋባ ምድሪቱ ትረክሳለች። ይህን ጨዋታ አድርገን እንርሳውና መጠጡን ለሠርጓ አስቀምጥልን።»

ከዚያም ዙሪያውን አዩ። ፖኩዋ አጎቷን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃቸዋለች፤ ያ አስተያየት የገበያው ሚዛን ወደሳቸው ሲያዘነብል የሚያዩት አስተያየት ነው። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እውነቱን ያውቃል፤ እዚያ ግቢ ውስጥ ያለ አፍ ሁሉ ደግሞ ታስሯል።

ንቲም ወደ ሽማግሌው ፊቱን መለሰ። «ናና፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሌላውን ሰው መነሻ በአደባባይ የተናገረ ምን ይሆናል?»

«በግ ያርዳል፤ ይቅርታም ይጠይቃል» አሉ ናና ፍሬምፖንግ። «ሕፃንም ያውቀዋል።»

«የራሱንስ መነሻ የተናገረ?»

ሽማግሌው በትራቸውን ቀጥ አድርገው አቆሙ። «እንዲህ ያለ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም» አሉ።

«ሕጉ ስለሱ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም።»

«ንቲም» አሉ አጎት አጊማን። ልዝብነታቸው ጠፍቷል። «አፍህን ሰብስብ። ለራስህ ባታስብ ለእናትህ አስብላት።»

ንቲም ዞሮ እናቱን አየ። ፖኩዋ እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው ብላ ፈራች። አፍሪዬ ግን ከልጇ ቀድማ ተናገረች።

«እኔን አታስበኝ ልጄ» አለች። «የምሸከመው ነገር የትም አገር አይጠፋም። ተናገር።»

ንቲም ቀጥ ብሎ ቆመ። ድምፁ ጮክ አላለም፤ ግን እስከ ኋለኛው በር ይሰማ ነበር።

«ቅድመ አያቴ እናቷ ያወጣችላት ስም ምን እንደሆነ አላውቅም። እዚህ የተሰጣትን ነው የማውቀው። ከሰሜን ታስራ መጣች፤ በጨው ተለወጠች፤ በኋለኛው በር ገባች። እኔ የሷ ልጅ ነኝ። የዚህ ቤት ደም የለብኝም፤ ጠብታ የለብኝም።»

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ ጉድ!» አለች። ንቲም አላቆመም።

«አለቃው ከየቤቱ አንድ ሰው ሲጠይቁ ናና አጊማን የሰጡኝ ደማቸው ስለሆንኩ አይደለም፤ ስላልሆንኩ ነው። ጦር ሜዳም ጠመንጃ አልተሰጠኝም፤ ሸክም ነው የተሰጠኝ። ሸክም ደግሞ እዚሁ ነው የተማርኩት። ያን ቀን ወንዙ ዳር ሁሉም ጭነቱን ጥሎ ሲሮጥ እኔ መጣል አልለመድኩም ነበር፤ መትረየሱን አነሣሁ፤ ከዚያ ይህን ሰው አነሣሁ። ጀግና ያላችሁኝ በዚህ ነው። ኒሻኑ ሲመጣ ደማችሁ ሆንኩ። ደማችሁ አይደለሁም። ፖኩዋም እህቴ አይደለችም። እንደ ማንኛውም ባዕድ፣ በፊተኛው በር መጥቼ፣ ለሚስትነት እጠይቃታለሁ።»

አጎት አጊማን የጨርቃቸውን ጫፍ ጨበጡ። ፖኩዋ ለአጎቷ በአንድ ነገር አዘነችላቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የያዙት ገመድ ከእጃቸው ሲወጣ ምን እንደሚያደርጉ አያውቁም ነበር።

«እሺ» አሉ። «ባዕድ ነኝ ካልክ ባዕድ ነህ። ዛፍ የለህም። እናትህ ክፍል የላትም። ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዕቃችሁን ታወጣላችሁ። ኒሻኑንም እዚያ አስቀምጥ፤ የተሰጠው ለዚህ ቤት ልጅ ነው።»

ንቲም ኒሻኑን ከደረቱ ፈታና በርጩማው ላይ፣ ከጠርሙሱ አጠገብ አኖረው። አጎት አጊማን እጃቸውን ሲዘረጉ ክራንቹ ቀደማቸው። ዚየም አጎንብሶ ኒሻኑን አነሣው።

«ደም ደም ትላለህ አንተ» አለ፤ የሚያውቀውን ቃል ሁሉ እየለቃቀመ። «እዚህ ላይ ያለው ደም የኔ ነው።»

ክራንቹን በብብቱ አጥብቆ፣ ብዙ ታግሎ ኒሻኑን መልሶ በንቲም ደረት ላይ ሰካው። ጠመም ብሎ ነበር የተሰካው። ንቲም አላቃናውም።

«ውጡ» አሉ አጎት አጊማን። «መጠጣችሁን ይዛችሁ ውጡ። የቤቱ ሰው ልጅቷን ሦስት ጊዜ ጠይቆ እሺ ካላለች መጠጥ አይቀመስም። ከዚህ ቤት ደግሞ የሚጠይቃት የለም።»

ይህ እውነት ነበር። ሳትጠየቅ የተናገረች ልጅ ባለጌ ተብላ ትቀራለች እንጂ ቃሏ ከቁጥር አይገባም። አፍሪዬ ጠርሙሱን ለማንሣት ጎንበስ አለች፤ ለማንሣት የምትጎነበሰው ሁልጊዜ እሷ ናትና። ያቺን ጎንበስ ማለት ስታይ ነው ፖኩዋ የተነሣችው። ወደ አጎቷ አልዞረችም፤ ወደ እናቷ ዞረች።

«እማ» አለች። «ጠይቂኝ።»

ዱፊዬ ደነገጠች። ዓይኗ ወደ ወንድሟ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ዱፊዬ፣ ካፍሽ አንዲት ቃል እንዳትወጣ» አሉ አጎት አጊማን።

«እማ፣ እሱ ቤቱንም፣ ዛፎቹንም፣ የእናቱን መቃብርም አስይዞ ነው የተናገረው። ካንቺ የምፈልገው ጥያቄ ብቻ ነው።»

ዱፊዬ አሁንም ዝም አለች። ፖኩዋ እናቷን ስታይ ያ ዝምታ ስንት ዓመት እንደኖረ አሰበች፤ የራሷ እንዳይሆን ፈራች። ሁሉም ነገር እዚህ አለቀ ብላ ዓይኗን ስትጨፍን ከፊቷ የዛገ በር ሲከፈት የመሰለ ድምፅ ሰማች።

«ፖኩዋ» አለች እናቷ። «ይህ ሰው መጠጥ ይዞ መጥቷል። እንጠጣው?»

«ጠጡት።»

«ዱፊዬ» አሉ ወንድሟ።

«እየጠየቅሁ ነው ወንድሜ፤ አታቋርጠኝ።» ዱፊዬ ራሷ በተናገረችው ነገር የተገረመች መሰለች። ተነሥታ ቆመች። «ፖኩዋ፣ ከጠጣነው በኋላ ነገ ተነሥተሽ ሐሳቤን ቀየርኩ ብትዪ የምናፍረው እኛ ነን። እንጠጣው?»

«ጠጡት እማ። ከተረፈ እኔም እጠጣለሁ።»

አክስቶቹ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ናና ፍሬምፖንግም ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደበቁ። አጎት አጊማን ጨርቃቸውን ሰብስበው ተነሡና ወደ ክፍላቸው ገቡ። ተከትሏቸው የገባ አልነበረም።

ዱፊዬ ወደ በርጩማው ሄዳ ጠርሙሱን ከአፍሪዬ እጅ ቀስ ብላ ወሰደች። «ዛሬ አንቺ አትቀጂም» አለቻት። ወንድሟ ወደ ተዉት ወንበር እየመራች ወስዳ አስቀመጠቻት። አፍሪዬ በወንበሩ ጫፍ ተቀመጠች፤ ተነሺ የሚላት ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን አየች፤ ከዚያ ወደ ኋላ ተደገፈች። ዱፊዬ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልታ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ፖኩዋ» አለች፤ ፊቷን ሳትመልስ። «ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅሽ። ይህ ሰው መሬት የለውም። ቤት የለውም። ወገኔ ብሎ ያመጣው ሰው አንድ እግር ነው ያለው። እንጠጣው?»

ፖኩዋ ንቲምን አየችው። ኒሻኑ እንደተጣመመ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀና ብሎ በሙሉ ዓይኑ ያያታል፤ በኋለኛው በር የተወው አጎንባሽ ሰው ከእንግዲህ ተመልሶ እንደማይመጣ አወቀች። ልትመልስ ስትል እንባዋ ቀደማት፤ አላበሰችውም፤ ፊቷንም አልሸፈነችም።

«አፍሪዬ ትቅመሰው» አለች። «ከሷ በፊት ማንም እንዳይጠጣ።»

አፍሪዬ ጠጣች፤ ጂኑ አቃጥሎ አስሳላት፤ በዚያ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች በልጇ ጀርባ ላይ የተዘፈነውን ያን ዜማ ማንጎራጎር ጀመረች። ዚየም ክራንቹ ላይ ተደግፎ ቃሉን እየዘፈነ አገዛት። አፍሪዬ ቃሉን የሰማችው ገና ዛሬ ነበር።